ሾላው ሥር ያልተነገረ ውጤት

ወልድያ አንድ አዲስ ሆቴል ተከፍቷል። የስብሰባ አዳራሹን ለእንግዳ ለማድረስ ተጣድፈው ነጭ ቀለም ቀቡትና ሳይደርቅ ሰው አስገቡበት። ከገቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ስቅም ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ “ባለድርሻ አካል” ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድርሻዬ ምን እንደሆነ ግን እስከ ምሳ ሰዓት የነገረኝ የለም። አንዲት ልጅ ስሜ የተጻፈበትን ካርድ እንደ ቃጭል አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። በሻሼ ላይ የማልደፋው ኮፍያ፣ የማልጽፍበት እስክሪብቶ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጥታኝ ወደ ወንበሬ ስትመራኝ ነው እንግዲህ ያ ሽታ ያገኘኝ። የእርጥብ ነጭ ቀለም ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል። ለእኔ ግን አባቴ ነው።

አባቴ ይማም መርሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነበር። ብርቱካን በስሙኒ ነጠላ ሙሉ በሚሸመትበት፣ ሻይ በአስር ሳንቲም በሚጠጣበት ዘመን አንድ ቀን ግቢያችን አጥር ላይ ነጫጭ ችካሎች ተደርድረው ሲደርቁ አየሁ። ቀለሙ ቀሚሴን ነክቶብኝ እናቴ በነጭ ጋዝ ስታሽልኝ ውላለች፤ ሽታው አልለቀቀም፣ ቀሚሴም አልዳነም። ችካሎቹን ያመጣው ታደሰ የሚባል ከሸዋ የመጣ የእርሻ ተመራማሪ ነው። ካኪ ቁምጣ ይለብሳል፣ ጉልበቱ እንደ ፍየል የቀጠነ ነው። በላንድሮቨር ይመጣና መኪናውን መንገድ ዳር ጥሎ በእግሩ ይዞራል። ሾፌሩ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ሱሪው ከታች አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም፣ ጎፈሬው የመኪናውን ጣሪያ የሚነካ። ሬዲዮኑን ከፍቶ ትዝታ ሲለቅ የሰፈሩ ኮረዳ ሁሉ እንስራዋን ይዛ “ውሃ ልቀዳ” ትላለች፤ ውሃው በሌላ በኩል መሆኑን እናቶቻችንም እኛም እናውቃለን። ያኔ አዲስ የገባው ኮንጎ ጫማ ፀሐይ ሲመታው እግር ይጠብስ ነበር። ቢሆንም ላንድሮቨሩ ሲመጣ አውልቆ የሚቆም ማን አለ? ዛሬ መርሳ ላይ ያ ጥግ የሞባይል ካርድ መሸጫና የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ያንን ሬዲዮ ይፈልጋል።

ችካል በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ችካል የተተከለበት መሬት ሊወሰድ ነው ማለት ነው። ታደሰ አባቴ ማሳ ላይ ተክሎት የሄደውን ሰዉ ነቅሎ አደረ፤ አንዱ ችካል ቆይቶ የጎረቤት ፍየል ታስሮበት ተገኘ። ሰውዬው መጥቶ ባዶ ማሳ ሲያይ ፖሊስ ይጠራል ብለን ስንጠብቅ፣ “ማንን ልጠይቅ?” አለ። ቅሬውን ጠይቅ አሉት። ቅሬ በእኛ ዘንድ ሬሳ የሚያነሣ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሾላው ሥር ይቀመጣል። የእኛ ቅሬ አንድ ደንብ ነበረው። ቅሬ ፊት ቆሞ የጠየቀ ሰው፣ የጠየቀው ነገር ምን ላይ እንደደረሰ እዚያው ቆሞ ይናገራል። ሳይናገር የቀረ ሰው ሌላ ጊዜ አፉን ቢከፍት የሚሰማው የለም። የዚያን ጊዜው የቅሬ ዳኛ ታደሰን “ልጄ፣ መሬቱን እንሰጥሃለን። ያገኘኸውን ግን ለመንግሥትህ ሳትነግር ለእኛ ትነግራለህ” አሉት። ታደሰም እሺ አለ። እሺ ያለውን አደረገ። አሁን ይሄ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት አጥኚ በዚያ መንገድ ሲመላለስ እሺ ብሎ ያደረገ አለማየቴ ነው። መጥተው ይጠይቁናል። ስንት ልጅ አለሽ፣ ከብትህ ስንት ነው፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ ይላሉ። አፈራችንን በፌስታል ይወስዳሉ። ከዚያ ወዲያ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ዶክተር ሰላም የምትባል ፊቷ የደስ ደስ ያለው ወጣት ተነሣች። ጥናቷ ሀብሩ ወረዳ ላይ የተሞከረ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ነው። ግድግዳው ላይ የሚበራው ጽሑፍ ግን በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ገበሬዎች የተሰጣቸውን ኮፍያ ደፍተው፣ የረመዳንን ጨረቃ እንደሚፈልግ ሰው አንገታቸውን ሰቅለው ያያሉ። ልጅቱ በአማርኛ ትጀምርና መሃል ላይ ይጠፋባታል። “ቫራይቲው ከሎካሉ ጋር ሲነጻጸር ሲግኒፊካንት ዲፈረንስ አላሳየም” አለች። አንደኛው ገበሬ ወደ ጓደኛው ዞሮ “ምን አለች?” ሲለው፣ “ጥሩ ነው አለች መሰለኝ” አለው። እኔ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ያለችው ገብቶኛል። አዲሱ ዘር ከገበሬው ዘር አልበለጠም ማለቷ ነው። አስከትላም ዘሩ ከመጪው ዘመን ጀምሮ ከሀብሩ ወጥቶ ሌላ ወረዳ ይሞከራል አለች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ገበሬዎቹም አጨበጨቡ። ምን እንደተወሰደባቸው ሳያውቁ ሲያጨበጭቡ ሳይ ደሜ ፈላ።

ከዚያ አንድ ፎቶ አሳየች። ዋናው መንገድ ዳር የተተከለ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ከኋላው ሁለት መደብ ማሽላ ጎን ለጎን ቆሟል። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ “አርሶ አደር እንድሪስ ይማም” ይላል። ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን የተወለትን ማሳ እስከዛሬ የሚያርሰው እሱ ነው። ከካቻምና ወዲህ ዝናቡ ማሽላው ሳያፈራ ጥሎት እየወጣ፣ ጅጉርቲ የሚባለው ያ ረጅሙ የአባታችን ማሽላ አገዳ ብቻ ሆኖ እየቀረ፣ “እታለም፣ አንድ ዓመት ደግሞ እንዲህ ከሆነ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ወልድያ ዘበኛ እሆናለሁ” ብሎኛል። ጠባቡ ቤቴ ውስጥ ፍራሽ የማነጥፍበትን ቦታ እስከማሰብ ደርሻለሁ። ቶሎ የሚደርስ ዘር ማለት ለእንድሪስ ወሬ አይደለም፤ ገበሬ ሆኖ መቅረት ወይም አለመቅረት ነው።

ፎቶውን ሳይ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምቱ መጨረሻ ላይ ለለቅሶ መርሳ ወርጄ እንድሪስ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሌላው ጅጉርቲ በሙሉ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲነድ፣ መንገድ ዳር ከእንግዳው ዘር ጎን ያለችው መደብ ብቻ ለምልማለች። የጎረቤት የውሃ ሞተር ይንደቀደቃል፤ እንድሪስ ሽርጡን ሰብስቦ ጎማውን ማሽላው ውስጥ ይጎትታል። “ምን እያደረግክ ነው?” ስለው፣ “ስሜን ሰሌዳ ላይ ጽፈውት አላየሽም? የደሴም የመቀሌም መኪና እያነበበ ያልፋል። የአባቴ ዘር ከእንግዳ ዘር ጎን ጠውልጎ ይታይ?” አለኝ። ሳቅኩበትና ለቅሶዬን ደርሼ ተመለስኩ። ለምን እንደተዘራ የነገረኝ ስላልነበረ ነገሩ የአባቴ ነገር መሆኑ ያኔ አልታየኝም። የታየኝ አሁን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ልጅቱ “ልዩነት የለም” ስትል ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። ታደሰም ያኔ ሁለት መደብ ነበር ያዘራው፤ አንዱ የእሱ አዲስ ዘር፣ አንዱ የአባቴ ጅጉርቲ። “አያ ይማም፣ የእርስዎን እንደ ወትሮው ነው። ምንም አይጨምሩበት” ብሎታል። አባቴም “አብሽር” ብሎታል። ነገር ግን ያ ጅጉርቲ የአያቴ ዘር ነው። አባቴ በእንግዳ ፊት አባቱን የሚያሰድብ ሰው አልነበረም። ሰው ሲተኛ ፍግ በቅርጫት እየተሸከመ ጅጉርቲው ሥር ይደፋል፤ የታደሰን መደብ ግን አደራ ነውና በጣቱም አይነካውም። እናቴ ቅርጫቱ በየማለዳው ሲሸት ታያለች፤ ዝም ትላለች። አዝመራው ደርሶ ታደሰ አጭዶ መዝኖ ሲያበቃ፣ እሺ ባለው መሠረት ሾላው ሥር መጣ። ወረቀት አልያዘም። ከሁለቱም መደብ ዛላ ዛላ ይዞ መሃል ቆመና፣ “አያ ይማም፣ ዘርዎ አሸነፈኝ። እኔ ዘሬን ጠቅልዬ መሄዴ ነው” አለ።

አባቴ አገጩን ቀና አድርጎ ሽርጡን ሲያስተካክል፣ ከሴቶቹ በኩል የእናቴ ሳቅ ፈነዳ። ሳቋን መያዝ የማትችል ሴት ነበረች፤ ለቅሶ ላይ እንኳ አሳፍራን ታውቃለች። “ምነው?” ሲሏት፣ “ኧረ በነቢ፣ ፍጉን ንገረው!” አለችው። ሾላው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ተንከተከተ። አባቴ ለሳምንት አላናገራትም፤ ያበሰለችውን ይበላል፣ ማመስገኑን ግን ለግድግዳው ነበር የሚያደርሰው። ታደሰ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ቁጭ ብሎ የፍጉን ነገር ከመጀመሪያው አስነገረው። በሚቀጥለው ዘመን ሁለቱንም መደብ እኩል የሚያርሙ ጎረቤቶች ቅሬው ራሱ መረጠ። ያን ዓመት እውነቱ ወጣ፤ ዝናብ ቀድሞ በወጣበት ጊዜ የታደሰ ዘር አፈራ፣ ጅጉርቲው ቀረ። አባቴ አምርሮ “አገዳው አጭር ነው፣ ለቤት ክዳን አይሆንም፣ ወፍ ይወደዋል” እያለ እስኪሞት ድረስ ከጅጉርቲው ጎን ዘራው። ያ ዘር ከእሱ ሞት በኋላ ተደባልቆ ጠፋ። እንግዲህ ውጤት ለሕዝብ መንገር ለሕዝቡ ችሮታ የሚመስላቸው አሉ። ታደሰን ከስህተት ያወጣው ውጤቱን መናገሩ ነው።

አዳራሹ ውስጥ እጄን አወጣሁ። ማይክራፎኑ እስኪደርሰኝ ድረስ እጄ ዝሎ በሌላው እጄ ደገፍኩት። “ይሄ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ወንድሜ ነው። የእሱ ማሽላ…” ብዬ ስጀምር፣ መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ፣ “እናታችን፣ እናመሰግናለን። አስተያየቱን እንደ ግብዓት ወስደነዋል፤ ጊዜ ስለሌለን ወደ ሻይ” አለ። ምኑን ነው የወሰደው? ገና ምን ብዬ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አለች ሴትዮዋ። ሰዉ ወደ ሻይ ሲጋፋ እኔ ወደ ልጅቱ ተጋፋሁ።

“ዶክተር፣ ይህንን ውጤት ለባለማሳዎቹ ነግረሻቸዋል?” አልኳት።

“ስርጸቱን እየሠራን ነው እኮ፣ እትዬ። ይሄ ዐውደ ጥናት አለ፣ ብሮሸር አለ፣ ፖስተሩ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል።”

“መርሳ የሚኖር ሰው ኮሪደራችሁ ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል?”

ልጅቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። “እውነቱን ልንገርዎት? የምንሠራበት በጀት ‘ማሠልጠኛ’ ይላል እንጂ ‘ተመልሶ መንገር’ የሚል የለውም። ደግሞ…” አለችና ድምጿን ቀነሰች። “ያልተሳካ ነገር ይዤ ገበሬ ፊት መቆም አፈርኩ። ዘራችን አልበለጠም ብዬ ምን ይሉኛል?”

ይሉኛል! እሷ ይሉኛል፣ ወንድሜ ይሉኛል፤ ሁለት ይሉኝታ ተፋጦ ዘሩ ከመሃል ሊሄድብን ነው። እጇን ያዝኩና “ነገ ቅሬ አለ። በሚኒባስ እንሄዳለን፤ የምታወሪው ሁሉ በአማርኛ ነው። ላፕቶፑን ቤትሽ ተይው” አልኳት። የውሃውን ነገር አልነገርኳትም። ከእኔ ከሰማችው ወሬ ነው፤ ከባለቤቱ ከሰማችው ግን እውነት ነው።

በማግስቱ መናኸሪያ ተገናኘን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ረዳቱ “አንድ ሰው ነው የቀረን” እያለ ስንት ሰው እንደጫነ እኔ አልናገርም። ልጅቱ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። “ቫራይቲ ምን ልበለው?” ትለኛለች፣ “ዘር” እላታለሁ። “ፕሎትስ?” “መደብ።” “ሲግኒፊካንትስ?” ትላለች። “እሱን ተይው” እላለሁ። ስንት ዓመት ተምራ ከአፏ ላይ የወሰዱባትን ቋንቋ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንደርስ ድረስ መለስኩላት። ደከመኝ፤ ተናደድኩ፤ አሳዘነችኝም።

ሾላው አርጅቷል፤ ግማሹ ደርቆ ተቆርጧል። ቅሬው ግን አለ። የአሁኑ ዳኛ አያ ሞላ የሚባሉ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የለቅሶውንና የመዋጮውን ነገር ጨርሰው “ዶክተር፣ እንግዳችን ነዎት፤ ይናገሩ” አሏት። ልጅቱ በአንቱታ ስትጠራ ቀላች። ተነሥታ መሃል ቆመች።

“ዘር ይዤ መጥቼ ማሳችሁ ላይ ዘራሁ” አለች። “ከእናንተ ዘር ጎን። አጨድኩ፣ መዘንኩ። የእኔ ዘር ከእናንተ ዘር አልበለጠም። ስለዚህ ይዤው ልሄድ ነው። ይህንን ሳልነግራችሁ መቅረት አልነበረብኝም።”

ዘሩን የተቀበሉት ገበሬዎች እዚያው ናቸው፤ እንድሪስ ከፊት ረድፍ ነው። አንዱ ዱላውን ያያል፣ አንዱ ሰማዩን ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። እናቴን የት ላምጣት? ከሴቶቹ በኩል የምትስቅ አንድ ሰው ብትኖር ነገሩ ባለቀ፤ የዛሬ ሴቶች ጨዋ ሆነው ተቸገርን። አፌ ድረስ መጣልኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። እንድሪስን ዓይኑን አየሁት፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አያ ሞላ “እንግዲህ የሚናገር ከሌለ እንመርቅና እንነሣ” ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

“ቆይ፣ አያ ሞላ” አለ እንድሪስ። ተነሣ። ሽርጡን አስተካከለ፤ ልክ እንደ አባቴ። “ዶክተር፣ የእኔ ማሽላ ጠጥቷል።”

“ምን ጠጥቷል?”

“ውሃ ነዋ። የእኔኛው መደብ። በሞተር አጠጥቼዋለሁ፣ ወላሂ። የአንቺን አልነካሁም፤ አደራ ነው።”

ልጅቱ ወደ እሱ ተጠጋች። “ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ መጣሽና? በመኪና መጥታችሁ ለክታችሁ ሄዳችሁ። እኔ ውድድር መስሎኝ ነው። ስሜን ደግሞ መንገድ ላይ ጻፋችሁት።”

ይህን እንዳለ ከኋላ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። “የእኔም ቀምሷል” አለ አንዱ። ሌላው “እኔ ሞተር የለኝም፤ በጀሪካን ነው” አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ሾላው ሥር የዱሮው ሳቅ መጣ። ልጅቱ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ስታለቅስ መስሎኝ ብጠጋት ትስቃለች። “እትዬ፣ ያ ሁሉ ግራፍ እኮ ሞተር ነው” አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ማን ምን ያህል እንዳጠጣ፣ ያልጠጣው ማሽላቸው ምን እንዳፈራ አንድ በአንድ ጠየቀች። ያልጠጣው አላፈራም። አዲሱ ዘር ጠብታ ሳይነካው አፍርቷል። ይህን ለመስማት የተከራየ አዳራሽ አላስፈለገም።

እሷ መሥሪያ ቤቷ ገብታ ስንት በር እንዳንኳኳች፣ ስንት “ሪፖርቱ ተዘግቷል” እንደሰማች ቢነገር አያልቅም። እየደወለች ትነግረኛለች፣ እኔ በስልክ እናደዳለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ዘመን ድጋሚ ይሞከር ተባለ። መዝሪያው ሲደርስ ዘሩንና ነጫጭ ችካሎችን ጭና፣ እኔንም ይዛ መርሳ ወረደች፤ ቅሬው እንደ ድሮው ሁለቱንም መደብ እኩል የሚያርም ጎረቤት መረጠ። እንድሪስ ግን ማሳው ዳር ቆሞ አላስገባ አላት።

“አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስሜን ከሰሌዳው አንሡልኝ። ስሜ እዚህ ቆሞ ማሽላዬ ሲጠወልግ ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ስሜ ከሌለ ዝናቡ የሚያደርገውን ያድርግ።”

ለችካሉ የተረፈ ቀለም መኪናው ላይ ነበር። ብሩሹን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ወደ ሰሌዳው ወጣ። “አርሶ አደር” የሚለውን ቀባው፤ “እንድሪስ” የሚለውንም ቀባው። ሽታው መንገዱን ሞላው። “ይማም” ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀለሙ በክንዱ ላይ እየወረደ ዘወር ብሎ አየኝ።

“እታለም፣ የአባዬንስ?”

“እሱንማ አስቀድመህ መቀባት ነበረብህ” አልኩት። “ፍጉን የጀመረው እሱ ነው።”